በእናቷ ደጅ የቆመው ባለጎማ ቤት

ዖርፋ ላምብራይት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጣሪያ ስታሽግ ኖረች። በአሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት፣ ኤልክሃርት አካባቢ ከመኪና ኋላ እየተጎተተ የሚሄደውን ተሳቢ ቤት የሚሠሩ ፋብሪካዎች እንደ አሸን የፈሉ ናቸው። እሷም በአንደኛው ውስጥ መሰላል ትወጣለች፣ ጣሪያው ላይ የጎማ ምንጣፍ ትዘረጋለች፣ ጠርዙን በሙጫ ትደፍናለች፣ ትወርዳለች። ከመውረዷ ሌላው ቤት ተገፍቶ ይደርሳል። ለአንዱ ጣሪያ የሚሰጣት አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር። ጉልበቷ መሰላሉን እምቢ ሲል፣ በስልሳ ዓመቷ፣ ኬክ ተቆርሶላት ተሰናበተች።

የተወለደችው ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ሺፕሸዋና ከተባለች ከተማ ዳር ባለ የአሚሽ እርሻ ላይ ነው፤ አሚሾች መኪናና ኤሌክትሪክ ከቤታቸው ያራቁ የክርስቲያን ማኅበር ናቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ በጉባኤው ፊት ተንበርክካ ተጠመቀች፤ ቃል ገባች። በሃያ ሁለት ዓመቷ ሮይስ ከሚባል፣ የወተት መኪና ከሚነዳ፣ ከማኅበሩ ውጭ ከሆነ ሰው ጋር ሄደች። ሳትጠመቅ ብትሄድ ኖሮ እናቷ ታዝን ነበር እንጂ ማንም አይለያትም ነበር። ቃል ገብታ ማፍረሷ ግን አስወገዛት። ከዚያ ወዲህ ከወገኖቿ አንድም ሰው ከሷ ጋር ማዕድ አይቆርስም፤ ከእጇም ምንም አይቀበልም። እነሱ ለሷ መስጠት ይችላሉ። ከሷ መቀበል ነው ክልክሉ።

ሮይስ ክፉ ሰው አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት አብረው ኖሩ፣ እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም፣ ከዚያ እሱ ቴክሳስ ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄዶ እዚያው ቀረ። ዖርፋ ጎሸን ከተማ ትንሽ ቤት ተከራይታ ብቻዋን መኖር ጀመረች። ወደ እርሻው መመለስ ትችል ነበር። ተንበርክካ "በድያለሁ" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። አላለችም።

ፋብሪካው ውስጥም አሚሾች ሞልተው ነበር። ካቻቢቴ ስታቀብላቸው ከእጇ አይወስዱም፤ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጥላቸዋለች፣ ከዚያ ያነሳሉ። ሲቆይ እሷም እነሱም ለመዱት። አንድ ሽማግሌ ብቻ በነገር መውጋት ይወድ ነበር።

"ስም ዕጣ ነው" ይላታል፤ "አባትሽ ሩት ብሎ ቢያወጣልሽ ኖሮ አማቷን ትታ እንደተመለሰችው ዖርፋ ሆነሽ አትቀሪም ነበር።"

"ሩትም እኮ እናቷን አገሯን ጥላ ነው የሄደችው። መጽሐፉን ደህና አድርገህ አንብበው" ትለዋለች ከመሰላሉ ላይ።

አባቷ ሲሞት ሄዳ ነበር። ከቀብር መልስ ረጅሙ ገበታ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ አስጠጉላት፤ በሁለቱ መካከል ጣት የምታሾልክ ክፍተት ተተወች። የራሷ የጠረጴዛ ልብስ ተነጠፈላት። ምግቡ ያው ነው፣ ወሬውም ያው ነው፣ ሁሉም ደግ ደጉን ያናግራታል። ዖርፋ ያቺን ክፍተት እያየች ድንቿን በላች፤ ከዚያ በኋላ ግድ ካልሆነ አልሄድም ብላ ለራሷ ማለች።

ሥራ በለቀቀች በዓመቱ፣ በመስከረም፣ ታናሽ ወንድሟ ፔሪ በኮንትራት መኪና መጥቶ በሯን አንኳኳ። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ፤ አልቀመጥም አለ።

"ማም ወድቃለች" አላት፤ እናታቸውን የሚጠሩት እንደዚያ ነው። "ቀኝ ጎኗ አልታዘዝ ብሏል። ምላሷም ይያያዛል።"

"ሐኪም ቤትስ?"

"ሦስት ቀን ተኛች። ከዚያ ቤቴ ውሰዱኝ አለች። ዊልማ ትረዳታለች፣ ግን ወገቧን ታውቂዋለሽ። ብቻዋን ማንሳት አትችልም።" ይህን ስለ ሚስቱ ተናግሮ ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረው። "ጠዋት ጠዋት ስምሽን ትጠራለች።"

ዖርፋ የበሩን መቃን ይዛ ቆየች። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ጠብቃው ስትተወው የመጣ ቃል ነው።

ነገሩ ቀላል አልነበረም። የተወገዘ ሰው ከወገኖቹ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አያድርም፤ ከጎሸን እየተመላለሰች ደግሞ ሽባ እናት አታስታምም። ፔሪ ጉዳዩን ለጉባኤው መሪ ለቶቢያስ ቦንትሬገር ይዞ ሄደ። ቶቢያስ ልጓምና ኮርቻ ሰፊ ነው፤ ዕጣ ወጥቶበት እንጂ ፈልጎ መሪ አልሆነም። ከዖርፋ ጋር አንድ ክፍል ብቻ ባላት ትምህርት ቤት አብረው ነበሩ። ሁለት ሳምንት አስቦበት እንዲህ አለ፦ እርሻው ላይ ቤት አይሠራላትም። ጎማ ያለው፣ ነገ ተጎትቶ የሚሄድ ነገር ከሆነ ግን ቤት አይባልም፤ ይቁም። ኤሌክትሪክ ግን አይኑረው። ማጠብ፣ ማንሳት፣ ልብስ መቀየር ትችላለች፤ መመገቡን ዊልማ ትሥራው።

ዖርፋ ይህንን ስትሰማ ወዲያው ተሳቢ ቤት ፍለጋ ወጣች። ሚድልበሪ አጠገብ ከአንድ ገበሬ ጓሮ፣ አረም እስከ መስኮቱ የበላው አሮጌ አገኘች። ገበሬው "ውሰጂልኝ ብቻ" ብሎ በርካሽ ለቀቀላት። ውስጡ አይጥ የተዋለደበት ነው። የኋላው ግራ ማዕዘን ሲረግጡት እንደ ረጠበ ዳቦ ይሰረጉዳል።

ጎሸን ጓሮዋ ውስጥ አቁማ ሥራ ጀመረች። የበሰበሰውን ወለል በመፈልቀቂያ ብረት ነቀለች፤ ሥሩ ያለው እንጨት በእጅ ይፈረፈር ነበር። የግድግዳውን ሽፋን ገልጣ ውኃው የወረደበትን መንገድ ወደ ላይ ተከተለች፤ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ደረሰች። ሙጫው አንድ ስንዝር ያህል ቦታ ዘሎ አልፏል። ሌላ ጥፋት የለውም። አንዲት ስንዝር ሃያ ምናምን ዓመት ውኃ ስታስገባ ኖራ ቤቱን በላችው።

"አርብ ከሰዓት የተሠራ ነው" አለች ለብቻዋ። "ለመውጣት የቸኮለ ሰው።" ከዚያ እሷም ስንት አርብ እንደቸኮለች አሰበች፤ በየትኛው አገር የማን አልጋ ላይ እየዘነበ ይሆን ብላ መሰላሉ ላይ ጥቂት ቆየች።

በራሷ ጣሪያ ግን አልቸኮለችም። አዲስ እንጨት ቆርጣ ገጠመች፣ ወለሉን በወፍራም ኮምፔንሳቶ አለበሰች፣ ጣሪያውን ሦስት ቀን ሠራችበት። ጉልበቷ ሲያማት መሰላሉ ሥር ተቀምጣ ታሻለች፣ ደግሞ ትወጣለች። በፋብሪካው አብራት ስትሠራ የኖረችው ኢርማ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ትረዳት ነበር። ኢርማ ከሜክሲኮ የመጣች፣ እጇ ፈጣን አፏም ፈጣን ሴት ናት። ወለሉና ጣሪያው አልቆ ዖርፋ ፒንሳ ይዛ ሽቦውን ከግድግዳው ውስጥ መጎተት ስትጀምር ኢርማ ሥራዋን አቁማ አየቻት።

"እህቴ፣ ጤናሽን ነው? ሰው ሽቦ ይዘረጋል፣ አንቺ ትነቅያለሽ።"

"ሽቦ ካለው እርሻው አያስገቡትም።"

"ፍሪጁስ?"

"ይወጣል። በኢንዲያና ክረምት ፍሪጅ ምን ያደርግልኛል? ወተቱን ደጅ ማስቀመጥ ነው።"

"በረዶ ሆኖ ነው የምትጠጪው በይኛ።" ኢርማ አንድ ጥቅል ሽቦ ተቀብላ ወደ ውጭ ወረወረች። "ብትንበረከኪላቸው እኮ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። እኔ በየእሁዱ እንበረከካለሁ፣ ምን ሆንኩ?"

"አንቺ ስትንበረከኪ ምን ትያለሽ?"

"ማረኝ ነዋ።"

"እኔን ሌላ ነገር በይ ነው የሚሉኝ" አለች ዖርፋ። አምፖሎቹን አንድ በአንድ አወጣች። ኮርኒሱ ላይ የቀረውን ቀዳዳ ሁሉ በትናንሽ ክብ እንጨት ደፈነች። ቤት ስትሠራ የኖረች ሴት ቤት ስታፈርስ እጇ እንዳይጠናባት እየተጠነቀቀች፣ ዕቃው እንደገና የሚገጠም ይመስል ብሎኑን ሁሉ በጣሳ አስቀመጠች።

ቶቢያስ ራሱ መጥቶ አየው። ቁም ሣጥኑን ከፈተ፣ አልጋው ሥር ጎንበስ ብሎ አየ፣ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ። ከዚያ ወጣ ብሎ በኋላው በኩል ያሉትን ቀያይ መብራቶች አሳያት።

"እነዚህስ?"

"የመንገድ ሕግ ነው። ያለ እነሱ ፖሊስ ያስቆመናል።"

"እርሻው ከደረሰ በኋላ ይወልቁ።"

"ይወልቃሉ።"

ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ ጣሪያውን አየ። "ጥሩ ሥራ ነው፣ ዖርፋ" አላት፤ አይኗን ግን አላየም።

በጥቅምት መጨረሻ ዝናብ ሲያባራ ወሰዱት። የኢርማ ባል በፒካፑ ጎተተው፤ የእርሻው መግቢያ ላይ ሲደርሱ ጭቃው ጎማውን ዋጠው። ፔሪ ሁለት የእርሻ ፈረሶች አምጥቶ ጠመደ። ነጩ ተሳቢ ቤት እየተወዛወዘ፣ እንደ ጋሪ በፈረስ እየተሳበ፣ ወደ እናቷ መስኮት ቀረበ። እናቷ ሰሎማ ትራስ ተደግፋ በመስኮቱ ታይ ነበር። ዖርፋ ጭቃውን ሳታራግፍ ገባች። ሰማንያ አራት ዓመት የሞላት፣ ጥቁር ሻል የለበሰች አንዲት ፍሬ የምታክል ሴት አገኘች። ሰሎማ ደህናውን እጇን አንስታ የልጇን ጉንጭ ነካች።

"ሸመ...ገልሽ" አለቻት።

"አንቺ ነሽ የቀደምሽኝ፣ ማም።"

ክረምቱ እንዲያ ገባ። ዖርፋ ጎህ ሲቀድ ከተሳቢው ወርዳ ትገባለች፤ እናቷን ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ጀርባዋን በቅባት ታሻለች፣ ረጅሙን ሽበቷን አበጥራ ትጎነጉንና ከነጩ ቆብ ሥር ትከተዋለች። የረሳችው የመሰላት የቤቱ ቋንቋ፣ የአሚሾቹ ጀርመንኛ፣ በሳምንት ውስጥ ምላሷ ላይ ተመለሰ። ምግብ ሲደርስ የወንድሟ ሚስት ዊልማ ሳህን ይዛ ትመጣለች፤ ዖርፋ ተነስታ ግድግዳው ጥግ ካለችው ወንበር ትቀመጣለች። ዊልማ ታጎርሳለች፣ ዖርፋ ታያለች። የራሷን ምሳ ተሳቢዋ ውስጥ ብቻዋን ትበላለች። ዊልማ ቁጥብ ሴት ናት፤ ስትገባ ደህና አደርሽ፣ ስትወጣ ደህና ዋይ፣ ሌላ ቃል የላትም።

በጥር ዊልማ በጉንፋን ወደቀች። ትኩሳቱ ስላየለባት ከአልጋ መነሳት አልቻለችም። ፔሪ ሥራ ነበር፤ እሱም እንደ ብዙዎቹ ፋብሪካ ነው የሚውለው። ሰሎማ ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። ዖርፋ የዶሮ መረቅ ሠርታ በጎድጓዳ ሳህን አምጥታ፣ እንደ ደንቡ፣ አልጋው አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ሰሎማ በግራ እጇ ማንኪያውን አነሳች። እጇ ይንቀጠቀጣል፤ የመጀመሪያው አልጋ ልብሱ ላይ ፈሰሰ፣ ሁለተኛውም አንገቷ ላይ። ሦስተኛውን አልሞከረችም።

ዖርፋ አንገቷን ጠረገችላትና ማንኪያውን ያዘች።

"እኔ ላጉርስሽ፣ ማም። ማንም አያይም።"

ሰሎማ አየቻት። ማንኪያው ከንፈሯ አጠገብ ደርሷል፣ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ ይወጣል። አፏን ገጠመች። ከንፈሮቿ ነጭ እስኪሆኑ ድረስ ገጠመችው፤ እንባዋ ግን በሁለቱም ጎን ወረደ።

"ርቦሻል እኮ።"

ሰሎማ ራሷን ነቀነቀች፤ አዎ ርቦኛል ነው። ከዚያ ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተተች አወጣችው፦ "ከበላሁልሽ... አት...መለሺም። ተስፋዬ... እሱ ነው።"

ዖርፋ ማንኪያውን ሳህኑ ውስጥ መለሰች። መጮህ አማራት፤ በማን ላይ? ሻሏን ጣል አድርጋ ወጣች። በረዶው እስከ ጉልበት ነው። ግማሽ ማይል ተጉዛ ጎረቤቷን ሜሪ ኤታን ከማጀቷ ጠራቻት። ሜሪ ኤታ እጇን እየጠረገች ያለ ብዙ ጥያቄ ተከትላት መጣች፤ መረቁን አሙቃ አንድ በአንድ አጎረሰቻት። ሰሎማ ሁሉንም ጠጣች። ዖርፋ በሩ ላይ፣ በረዶ ከጫማዋ እየቀለጠ፣ ቆማ አየች።

በማግሥቱ ቶቢያስ ሱቅ ሄደች። ቆዳ እየወጋ ነበር፤ መርፌውን አስቀመጠ።

"ብንበረከክ ውግዘቱ እስኪነሳ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?" አለችው።

"እንደ ልብሽ ነው። ስድስት ሳምንትም ሊሆን ይችላል።" ወንበር ሳበላት። "ግን ዖርፋ፣ ምን ብለሽ ነው የምትንበረከኪው?"

"የምትሉትን እላለሁ።"

"እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነው። ያኔ መሄድሽ ኃጢአት ነበር ወይ? እንደገና ብትወለጂ አትሄጂም ወይ?"

ዖርፋ የሳበላት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሮይስ መጀመሪያ ዕለት በወተት መኪናው መስኮት ያሳያት የአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳርቻ ትዝ አላት፤ ያን ያህል ውኃ አንድ ቦታ መኖሩን አታውቅም ነበር። ብቻዋን የኖረችበት የጎሸን ቤት፣ በገዛ እጇ የሠራችው ኑሮ ትዝ አላት።

"ማምን ጥዬ መሄዴ ይቆጨኛል። በየቀኑ ይቆጨኛል። መሄዴን ግን... አይ፣ ቶቢያስ። እሄድ ነበር።"

ቶቢያስ ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። የእሱም የመጀመሪያ ልጅ ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነው፤ አገሩ ሁሉ ያውቃል። "ብትዋሺኝ አምንሽ ነበር" አላት ቀስ ብሎ። "እንዲህ ከሆነ ግን አትንበርከኪ። የመጀመሪያው ቃል ፈርሷል፤ ሁለተኛውን ደግሞ ውሸት አታድርጊው።"

ስትመለስ እናቷ ነቅታ ጠበቀቻት። የት እንደሄደች ያወቀች ይመስላል።

"ሄጄ ነበር፣ ማም። ልንበረከክልሽ። መዋሸት አቃተኝ።"

ሰሎማ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከውጭ ፔሪ ፈረስ ሲያጠጣ ይታያል። ለዖርፋ እናቷ ጨርሳ ፊት የነሳቻት መሰላት፤ ወንበሯን ስባ ወደ ጥጓ ልትሄድ ስትነሳ የእናቷ ድምፅ መጣ።

"ውሸታም... አላሳደግሁም።"

ከዚያ በኋላ ስለ መመለስ አንድም ቀን አልተነጋገሩም። ዊልማም ዳነች፣ ታጎርሳት ጀመር። ጠዋት ጠዋት ዖርፋ ፀጉሯን ስታበጥር ሰሎማ አይኗን ጨፍና፣ ማበጠሩ አልቆ እንኳ "ገና... ነው" ትላለች። ዖርፋም እንደገና ትጀምራለች።

በመጋቢት መግቢያ፣ እሁድ ረፋድ ላይ፣ ሁሉም ጉባኤ ሄደው ሁለቱ ብቻ ቤት ቀሩ። ሰሎማ ሌሊቱን ትንፋሽ አጥሯት ነበር ያደረችው። ዖርፋ ደግፋ ይዛት ሳለ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች፤ የሚቀጥለው አልመጣም። ዖርፋ ለመጠበቅ ያህል ጠበቀች። ሠረገሎቹ ሲመለሱ እስኪሰማ ድረስ አልተነሳችም፣ እናቷንም ከክንዷ አላወረደችም።

ሬሳው ከተማ ካሉ አስከሬን አዘጋጆች ዘንድ በተመለሰ ጊዜ ዊልማ የተጣጠፈ ነጭ ልብስና ነጭ ሽርጥ ይዛ መጣች፤ ሰሎማ የሠርጓ ዕለት ለብሳው ለዚህ ቀን ያስቀመጠችው ነው። ሴቶቹ አልጋውን ከበው ቆመው ነበር። ዊልማ ልብሱን ለዖርፋ በእጇ ሰጠቻት።

"አንቺ አልብሻት" አለች። "ሬሳ የማንንም እጅ አይመልስም።"

ዖርፋ አለበሰቻት። ክንዶቿን አንድ በአንድ አስገባች፣ ሽርጡን በመርፌ ቁልፍ አያያዘች፣ ፀጉሯን ለመጨረሻ ጊዜ ጎነጎነች። ከዚያ ተሳቢዋ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች።

ከቀብር መልስ ከሦስት መቶ በላይ ሰው በላ። ለዖርፋ ትንሿ ጠረጴዛ፣ ያቺው ክፍተት፣ የራሷ የጠረጴዛ ልብስ ተዘጋጀላት። ተቀምጣ ሹካዋን ስታነሳ ዊልማ መጣችና ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ሳህን አልያዘችም። እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ምንም ሳትቀምስ፣ ዖርፋ እስክትጨርስ ድረስ አብራት ተቀመጠች። ማንም ምንም ሊላት አልቻለም፤ አልበላችማ። እሷ ራሷ የበላችው ሁሉም ከተነሳ በኋላ ማጀት ቆማ ነው።

መሬቱ በረዶውን ለቅቆ እስኪደርቅ ተሳቢው ቦታው ላይ ቆየ። በሚያዝያ ፒካፑ መጥቶ ወሰደው። ፔሪ ተሳቢው የቆመበትን ቦታ በእግሩ ደለደለ፤ እጇን ጨብጦም "ማም ያለ አንቺ አትከርምም ነበር" አላት። በበጋው ዖርፋ ተሳቢውን ሚሺጋን ዓሣ ሊያጠምዱ ለሚሄዱ ወጣት ባልና ሚስት ሸጠችው። ሽቦውን ራሳቸው እንደሚዘረጉ ነገሯት። እሷ አንድ ነገር ብቻ አደራ አለቻቸው፤ በየሁለት ዓመቱ የጣሪያውን ጠርዝ እንዲያዩ።

አሁንም ጎሸን ነው የምትኖረው። ኢርማ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ ትላለች። በወር አንድ ጊዜ ከዊልማ ደብዳቤ ይመጣል፤ የትኛዋ ላም ወለደች፣ ማን ከማን ጋር ተጋባ፣ የወገቧ ነገር እንዴት ሆነ። ዊልማ በአፏ የማትለውን በጽሑፍ ትለዋለች፤ አንድ ጊዜ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ሰሎማ ጻፈችላት። ዖርፋ በዚያው ሳምንት መልስ ትጽፋለች። ዊልማም ደብዳቤውን ከዖርፋ እጅ ሳይሆን ከፖስተኛው እጅ ትቀበላለች።